የወንድ ዘር የሴትን እንቁላል እንዴት እንደሚያነቃ

አውራ ያልደረሰባት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ቢታቀፍ እንኳ ጫጩት እንዳይወጣው ዶሮ ያረባች ባልቴት ሁሉ ታውቀዋለች። የአውራው ዘር እንቁላሉን ምን ቢያደርገው ነው ሕይወት የሚጀምረው? ይህን ነገር ሊቃውንት ጡት በሚያጠቡ እንስሳትና በሰው ላይ ብዙ ዘመን መርምረውታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1677 ዓመት የሆላንዱ ሰው ሌቨንሁክ የወንድን ዘር በማይክሮስኮፕ አየ። የሚያጠቡ እንስሳትን እንቁላል ግን ፎን ቤር የተባለ ሊቅ በውሻ ላይ ያገኘው በ1827 ዓመት ነው። እንዲህ መዘግየቱ አያስደንቅም፤ የሰው እንቁላል ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል ነውና።

ይህ እንቁላል ከተሠራበት ስፍራ በወጣ ጊዜ የመከፈል ሥራውን ጀምሮ በመካከል አቋርጦ ይቆማል፤ እንደ ተኛ ሰው ነው። የሚቀሰቅሰው ካላገኘ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ይሞታል። የወንዱ ዘር ከእንቁላሉ ጋር በተዋሐደ ጊዜ ግን የአባትን ውርስ ብቻ ይዞ አይገባም፤ የሚያነቃ ፕሮቲንም ይዞ ይገባል። ስሙም ፎስፎሊፔዝ ሲ ዜታ ይባላል፤ በ2002 ዓመት በእንግሊዝ መንግሥት በካርዲፍ ከተማ ያሉ መርማሪዎች በአይጥ ዘር ውስጥ አግኝተው አስታወቁት።

ሥራው እንዲህ ነው። በአጥንትና በኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም በእንቁላሉም ውስጥ በጎተራ እንደ ገባ እህል ተከማችቶ ይኖራል። ፕሮቲኑ ይህን ጎተራ ራሱ አይከፍትም፤ በእንቁላሉ ያለውን አንድ ዐይነት ቅባት ሰንጥቆ ትንሽ መልእክተኛ ያበጃል፤ መልእክተኛውም ሄዶ በሩን ይከፍታል። ያን ጊዜ ካልሲየሙ እንደ ማዕበል እንቁላሉን ያዳርሰዋል፤ ተመልሶም ይከተታል፤ ደግሞም ይነሣል። በአይጥ እንቁላል እንደ ታየው ይህ ማዕበል በየጥቂት ደቂቃው እየተመላለሰ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። በዚህም የተቋረጠው የመከፈል ሥራ ይቀጥላል፤ የእንቁላሉም ውጫዊ ሽፋን ይጠነክርና ሌላ ዘር እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለት ዘር የገባበት ፅንስ በደኅና አያድግምና ይህ መዝጊያ እጅግ የሚያስፈልግ ነው።

እንግዲህ ፕሮቲኑ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽስ? በ1992 ዓመት በብራስልስ ያሉ ሐኪሞች አንድን የወንድ ዘር በቀጭን መርፌ እንቁላል ውስጥ አስገብተው ልጆች እንደ ተወለዱ አስታወቁ። ነገር ግን የአንዳንድ ወንዶች ዘር በመርፌ ቢገባም እንቁላሉ ሳይነቃ ይቀራል። ቢመረመርም ከነዚህ በአንዳንዶቹ ፕሮቲኑ ጐድሎ ተገኘ። ሐኪሞችም በእንቁላሉ ውስጥ ካልሲየምን በሚያስነሣ መድኃኒት አነቁትና ከእንደዚህ ያሉ አባቶች ልጆች ተወለዱ።

በአገራችን ትዳር ሳይወልድ ሲቀር መካን የምትባለው ሴቲቱ ናት፤ ወደ አባቷ ቤት የምትመለሰውም እርሷው። ሽማግሌዎች ለእንዲህ ያለው ጉዳይ በተቀመጡ ጊዜ ባልየውም በሐኪም ታይቶ እንደ ሆነ አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። የዚህ ፕሮቲን ጉድለት በወንዱ ጉልበት ወይም በድምፁ አይታወቅም፤ ዘሩ ቍጥሩ የሞላ፣ ደኅና አድርጎም የሚዋኝ ሆኖ፣ በማይክሮስኮፕ የተመለከተውን ሐኪም እንኳ ሊያሳስት ይችላል።