የሞተር ዘይት ግፊት ሲቀንስ፦ ምክንያቱና መፍትሔው

በምዕራብ ጎጃም አጥቢያዎች ለልማት ሥራ የሚሰማራ መኪና ዕረፍት የለውም። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዘርና ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ደጋ ዳሞት ይወጣል፤ ከፈረስ ቤትም ሕመምተኛና መልእክተኛ ይዞ ይወርዳል። ዳገቱ፣ አቧራውና ድንጋያማው መንገድ ሞተሩን ይፈትኑታል። በምእመናን አስተዋጽኦ የተገኘ ንብረት በመሆኑም፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ አብሮት የሚቆመው ሥራ ብዙ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የዘይት ግፊት መቀነስን እንመለከታለን። ይህ ብልሽት በጊዜ ከታወቀ ብዙ ጊዜ በጥቂት ወጪ ይስተካከላል፤ ችላ ከተባለ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ያጠፋል።

የዘይት ግፊት ምንድን ነው?

ዘይት የሚፋተጉትን ብረቶች ያለያያል፣ ሙቀታቸውን ይወስዳል፣ እድፋቸውንም ያጥባል። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ዘይቱን ከሥር ካለው ማጠራቀሚያ ስቦ፣ በፊልትሮው አሳልፎ፣ በጠባብ መተላለፊያዎች ወደ ቤሪንጎቹ ይገፋዋል። ግፊቱ ሲጠፋ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ቤሪንጉ ይበላል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ነክሶ ይቆማል።

የዘይት መጠንና የዘይት ግፊት ግን የተለያዩ ናቸው። መጠኑን የምናውቀው በመለኪያው ዘንግ ሲሆን፣ ግፊቱን የሚያመለክተን በዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ጣሳ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት ነው። መብራቱ በአብዛኞቹ መኪኖች የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩ ዘይት እየተራበ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ተከፍቶ ካልበራ አምፖሉ ወይም ሽቦው ተበላሽቷልና ማስጠንቀቂያ እንደሌለን እንቁጠረው።

ምክንያቶቹ

የመጀመሪያው የዘይት ማነስ ነው። ዘይት በመፍሰስ ወይም በመቃጠል ያልቃል፤ ሰማያዊ ጭስ የመቃጠሉ ምልክት ነው። መጠኑ ሲያንስ በዳገትና በቁልቁለት ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል። በሜዳ ጠፍቶ በዳገት የሚበራ መብራት ይህን ይናገራል።

ሁለተኛው የዘይቱ መቅጠን ነው። ናፍጣ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ዘይቱ ይቀጥናል፤ መጠኑም ሳይጨመርበት ከፍ ይላል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ውኃ ሲገባበት ደግሞ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። አምራቹ ያላዘዘው ቀጭን ዘይትም እንዲሁ ግፊት ያሳጣል።

ሦስተኛው መዘጋት ነው። ዘይቱ በወቅቱ ሳይለወጥ ሲቀር ወደ ጭቃነት ተለውጦ የፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ይዘጋል። በድንጋይ ተመትቶ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ማጠራቀሚያም መሳቢያውን ሊያፍነው ይችላል።

አራተኛው እርጅና ነው። ቤሪንጎቹ ሲበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ዘይቱም ግፊት ሳይፈጥር ይፈስሳል። ሞተሩ ሲሞቅና ቆሞ ሲሠራ የሚበራ፣ ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ መብራት ብዙ ጊዜ ይህን ያመለክታል። የፓምፑ መድከምም ተመሳሳይ ምልክት አለው።

አምስተኛው የመብራቱ መልእክት ላኪ ወይም የሽቦው ብልሽት ነው። ይሁን እንጂ መካኒክ በእጅ መለኪያ ግፊቱን ሳይለካ “መብራቱ ነው የተበላሸው” ማለት አይገባም።

በመንገድ ላይ ምን ይደረግ?

መብራቱ ሲበራ አሽከርካሪው ወዲያውኑ ጥግ ይዞ ሞተሩን ያጥፋ። በተቻለ መጠን ሜዳ ላይ አቁሞ አሥር ደቂቃ ያህል ከጠበቀ በኋላ ዘይቱን ይለካ፤ ከሥርም የሚፈስስ መኖሩን ይመልከት። ጎድሎ ከተገኘ ትክክለኛውን ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት ድረስ ይሙላ፤ ከምልክቱ ግን አያሳልፍ። ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ ወዲያው ከጠፋና የሚፈስስ ነገር ከሌለ፣ በዝግታ እስከሚቀርበው ጋራዥ ይሂድ። ካልጠፋ ወይም ሞተሩ የሚቀጠቅጥ ድምፅ ካሰማ ዳግም አይነሣ፤ በሌላ መኪና ይጎተት።

ከፈረስ ቤት ወደ ታች ሲወረድ “ሞተሩን አጥፍተን በቁልቁለቱ እንውረድ” የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ይህ ፈጽሞ አይደረግ! ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይል ስለሚቋረጥ የሰው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል። ወፍራም ዘይት ጨምሮ መብራቱን ማጥፋትም በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

አሽከርካሪ ምልክቱን አይቶ ሳይቆም የሚቀረው ብዙ ጊዜ ተሳፋሪዎቹን በመፍራት ነው። ጉባኤ ተጠርቷል፣ እንግዳ እየጠበቀ ነው፤ “እስከ ፍኖተ ሰላም ብቻ አድርሰን” ይባላል። የሚከበሩ አባት ሲያዝዙት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ጉባኤው የሚከተሉትን በቃለ ጉባኤ እንዲያጸድቅ እንመክራለን፦

1. ቀይ የዘይት መብራት ከበራ አሽከርካሪው ማንም ቢያዝዘው እንዲያቆም፣ ስለ መዘግየቱም እንዳይወቀስ፤
2. ዘይት በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ እንዲለካ፣ ውጤቱም በመኪናው መዝገብ እንዲጻፍ፤
3. ዘይትና ፊልትሮ አምራቹ በወሰነው ኪሎ ሜትር አብረው እንዲለወጡ፣ በአቧራማ መንገድም ጊዜው እንዲያጥር፤
4. በመኪናው ውስጥ ዘወትር የተጠባባቂ ዘይት እንዲኖር።

የናፍጣ ወፍጮ ወይም የውኃ ፓምፕ ያላቸው አጥቢያዎችም ይህንኑ ለሞተሮቻቸው ያውሉት። ማስጠንቀቂያ መብራት በሌለው ሞተር ላይ ጠባቂው በየጠዋቱ የሚለካው ሰው ብቻ ነውና፣ ይህ ኃላፊነት በስም ለአንድ ሰው ይሰጥ።