ከፍሬው በፊት ሰው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን መነሻ እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ ወንድም ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ባሕር ላይ በምትገኘው የሉዊስ ደሴት ሥራ አግኝቷል። ባለትዳርና የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ከከተማ ግርግር ይርቃሉ። ባለቤቱ ግን ፈርታለች። «ተወኩል አድርጊ፣ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እንኳ ሃጀርን ከነልጇ ማንም በሌለበት ሸለቆ ትቷት ሄዷል አልኳት፤ አልተሳሳትኩም አይደል ኡስታዝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ማስረጃው ላንተ አይሆንም። ታሪኩን ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዘግበውታል። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) አንድ ስልቻ ተምርና ውኃ ትቶላት ሲሄድ ሃጀር ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ተከተለችው፣ ደጋግማም ጠየቀችው፤ እሱ ግን ዘወር አላለም። በመጨረሻ ያዘዘህ አላህ ነው ወይ አለችው። አዎ አላት። እንዲያ ከሆነ አይጥለንም ብላ የተመለሰችው ያኔ ነው። ልቧን ያረጋጋው የአላህ ትእዛዝ መሆኑን ማወቋ ነው። አንተ ደግሞ ወሕይ አልወረደልህም። በእጅህ ያለው የሥራ ውል ነው።

ወሕይ ለሌለው ሰው የተሰጠው መንገድ ሹራ ነው። በሱረቱል በቀራ (2፡233) አላህ (ሱ.ወ) ሕፃንን ጡት ማስጣል እንኳ በሁለቱ ወላጆች ስምምነትና ምክክር እንዲሆን አድርጓል። ጡት ለማስጣል ምክክር ካስፈለገ፣ ያንኑ ሕፃን ባሕር አሻግሮ ለማሳደግ እንዴት አያስፈልግ? የሚስት ፍርሃት የኢማን ጉድለት አይደለም። አንተ ሥራ ቦታህ ሰው ታገኛለህ፤ ቀኑን ሙሉ በንፋስ በሚንቀጠቀጥ መስኮት ሥር ከሁለት ሕፃናት ጋር የምትውለው እሷ ናት።

አሁን ወደ ኢብራሂም ዱዓ እንሂድ፤ ሱረቱ ኢብራሂም 14፡37። ሰብል የማይበቅልበት ሸለቆ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ቦታውን አላሳመረም። ቀጥሎ ለምን እንዳሰፈራቸው ይገልጻል፤ ሶላትን እንዲያቆሙ ነው። ከዚያ ምን ለመነ? የሰዎች ልብ ወደነሱ እንዲያዘነብል። ፍሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ብንሆን በዚያ በረሃ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ እህል እንል ነበር። እሱ ሰውን ከእህሉ አስቀደመ። (መድረሳ የቀራችሁ «ወ» በዐረብኛ ቅደም ተከተልን ግድ አያደርግም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ የልቦቹ ልመና ከሶላቱ ጋር የተያያዘው በ«ፈ» ነው፣ ፍሬው ነው በ«ወ» የተጨመረው።)

የዱዓው መልስም በዚሁ መልክ መጣ። ዘምዘም ከፈለቀ በኋላ የጁርሁም ሰዎች ወፍ ስታንዣብብ አይተው ወደ ውኃው መጡ፣ እዚያ ለመስፈርም ፈቃዷን ጠየቁ። ውኃው ላይ መብት እንዳይኖራቸው ቃል አስገብታ ፈቀደችላቸው። ብቻዋን ሕፃን ይዛ ከአንድ ጎሳ ጋር የተዋዋለች ሴት! ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እሷ የሰው ጎረቤትነትን ትወድ እንደነበር ተናግረዋል። ውኃም ልጅም እያላት ሰው ናፈቃት፤ ይህም ነውር ሆኖ አልተነገረም። ኢስማዒል (ዐ.ሰ) ዐረብኛን የተማረው ከነዚያ ጎረቤቶች ነው፤ ያገባውም ከነሱ ነው።

የኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባሏ ከጃዕፈር ጋር ባሕር ተሻግራ ሐበሻ የመጣች ወጣት ሙሽራ ነበረች፤ ልጆቿን ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው እዚሁ ነው። ከዓመታት በኋላ መዲና ስትገባ ዑመር (ረ.ዐ) በሂጅራ ቀድመናችኋል ቢሏት ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፣ እኛ ግን ሩቅ ባዕድ ምድር ነበርን ብላ ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። እሳቸውም የመርከቧ ሰዎች የሁለት ሂጅራ ባለቤቶች መሆናቸውን ነገሯት። የባዕድ አገር ድካሟ ተቆጠረላት ማለት ነው። ግን እሷም የመጣችው ከሰማንያ የማያንሱ ወንዶች ከነቤተሰቦቻቸው በነበሩበት ስደት ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አልነበረም።

ስለዚህ ስለ ሉዊስ የማስበው መጀመሪያ ጁርሁሟን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አለች። ከኡላፑል ወደብ በጀልባ ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ማዕበል ጉዞውን ያስቀራል። ከፓኪስታን ምድር የመጡ ሙስሊሞች ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት እዚያ ደርሰው ልብስ ተሸክመው ከቤት ቤት እየዞሩ ሸጡ፣ ሱቅ ከፈቱ። ልክ እንደ ኢስማዒል የአካባቢውን ቋንቋ፣ ጌሊክን፣ ለመዱ። ደሴቲቱ እሑድን አጥብቀው በሚያከብሩ ክርስቲያኖቿ የታወቀች ናት። ሙስሊሞቹ ለዓመታት በመኖሪያ ቤት ሰገዱ፤ በስቶርኖዌይ ከተማ መስጂድ የተከፈተው በግንቦት 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ረመዳን ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። የተቃወመ ቢኖርም፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶች ብዙዎቹ ደግፈዋል።

ፊቅሁም ይታሰብበት። በሰኔ ቀኑ 18 ሰዓት ገደማ ይረዝማል፣ ሌሊቱም በቅጡ ስለማይጨልም ዒሻና ሱብሒን መለየት ያስቸግራል፤ የመስጂዱን የሰዓት ሰሌዳ ተከተል፣ በየምሽቱ አዲስ ፈትዋ አትፈልግ። በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይከታተላሉ። ከመፈረምህ በፊት አሠሪህን የሶላት ሰዓት ጠይቀው። ጁሙዓን በተመለከተ በሻፊዒይ መዝሀብ 40 ነዋሪ ወንዶች ያስፈልጋሉ፣ በሐነፊይ ጥቂት ይበቃሉ። ወሎ ላደገ ሰው ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። ትንሽ ጀመዓ ውስጥ በዚህ የተነሣ ተለይተህ ቤትህ እንዳትሰግድ ብቻ አደራ።

ባለቤትህን ይዘህ ሂድና እዩት፤ በሰኔ ሳይሆን በታኅሣሥ። እሷ ከመስጂዱ ሴቶች ጋር ትቀመጥ፣ አንተ ልጆቹን ያዝ። ማታ ጠይቃት፣ ስትናገርም አታቋርጣት። ከዚያ ሁለታችሁም ኢስቲኻራ ስገዱ።

ወላሁ አዕለም።