ፈታኙ ሳይጠይቅሽ ራስሽን ጠይቂ

ይህን የምጽፈው ሕክምና ጨርሳ፣ የምርቃቱ ድግስ ተበልቶ፣ በጥቁር ጋዋን የተነሳችው ፎቶ ጎጃም ውስጥ ጉንደ ወይን ባለው የእናት አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ የብቃት ምዘና ፈተናዋን እየጠበቀች ላለች ልጅ ነው። ነርሷም፣ ሚድዋይፏም፣ ፋርማሲስቱም ይስሙኝ። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ፈተና በዲግሪውና በሥራ ፈቃዱ መካከል የቆመ በር ነው፤ በሩም የሚከፈት በር ነው። ዛሬ የማወራሽ ስለ አከፋፈቱ ነው።

እናትሽ «ዶክተሯ» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ጎረቤት «ልጄን ያመዋል፣ እስቲ እዪልኝ» እያለች በር ታንኳኳለች። አንቺ ደግሞ ገና ፈቃድ ስለሌለሽ ውስጥሽ ይሸማቀቃል። እባክሽ አትሸማቀቂ። «እትየ፣ ሳይመሽ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» ማለት ትክክለኛ መልስ ነው። ሴትየዋ ስትሄድ ግን በሩን ዘግተሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ይህ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ቢመጣብኝ በመጀመሪያ ምን አደርጋለሁ?

ብዙዎቻችን እቅድ ስናወጣ የምንሠራው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ባለቀለም ሰንጠረዥ እናሰምራለን፤ ሰኞ የውስጥ ደዌ፣ ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና፣ ረቡዕ ሕፃናት፣ ሐሙስ የማህፀንና ጽንስ፣ በቀን አሥር ሰዓት። ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ይጠፋል፣ የዘመድ ለቅሶ ይመጣል፣ እንግዳ ያድራል፣ ኔትወርኩ አልመለስ ይላል፤ ሰንጠረዡም ሁለት ቀን ከዘለለ በኋላ የሚያየው ያጣል። ያ እቅድ የወደቀው አንቺ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም፤ ጉንደ ወይን ውስጥ ለማትኖር ሴት የተሠራ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ከመጽሐፍ በፊት ቀንሽን አጥኚ። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ምንም ሳትለውጪ፣ ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ጻፊ። ቤተሰቡ ሳይነሳ ያለው የማለዳ ሰዓት የማን ነው? መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው መቼ ነው? የገበያ ቀን ቤቱ ስንት ሰው ያስተናግዳል? ከዚህ ሁሉ በኋላ በቀን አራት እውነተኛ ሰዓት ካገኘሽ ሀብታም ነሽ። ማለዳውን ለከባዱ ስጪው። የወረቀቱን ንባብ በፀሐይ ብርሃን ጨርሺ፤ ለማታው ስልክሽ ላይ የተጫነ ጥያቄ ይበቃል። ኔትወርክ ባለበት ቀን፣ ወይም ደብረ ማርቆስ ደርሰሽ ስትመለሺ፣ የሚያስፈልግሽን የሕክምና መመሪያና ጥያቄ አውርደሽ አስቀምጪ። በየሳምንቱም አንድ ቀን ባዶ ተዪ። ለቅሶ ባይመጣ እንኳ የወደቀ ትምህርት ይነሣበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዩኒቨርሲቲ በካርቶን ያመጣሽውን ሃንድአውት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በቢጫ ቀለም እያሰመሩ ማንበብ ደስ ይላል፤ የሚያውቁትን ነገር ደግሞ ማየት የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ግን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። ከፊሎቹ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው አነበቡት። ሌሎቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው በሦስቱ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። የሚገርመው፣ የበለጠ እንደሚያስታውሱ እርግጠኛ የነበሩት አንባቢዎቹ ነበሩ።

ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ ወሬ ነው ብዬ አላምንም። የአብነት ተማሪ ንባቡን በቀን ከመጽሐፍ ይማራል፤ የቃል ትምህርቱን ግን የሚቀበለው ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ነው። መምህሩ ያሉትን ከራሱ አውጥቶ ይደግማል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ደግሞ ይላል። ከፍ ያለውም ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ሲያስተምር የራሱ ይጸናል። ቅኔ ቤትማ ሌላ ሰው የተናገረውን መድገም ብቻውን አያስመሰግንም፤ በሰማው መንገድ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት። ቤተ ሙከራ ያልነበራቸው ሊቃውንት ያወቁትን ነገር አንቺ ለውስጥ ደዌ አውዪው። አንድ ርዕስ አንብቢ፣ ዝጊው፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስሽውን ሁሉ ጻፊ፤ ከዚያ ክፈቺና አርሚ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ድገሚው።

ፈተናው ከሽምደዳ ይልቅ ውሳኔ ይፈልጋል። አንድ በሽተኛ ይቀርብልሻል፤ ዕድሜ፣ ምልክት፣ የምርመራ ውጤት፤ ከዚያ «ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ?» ይባላል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ደግሞ ጉንደ ወይን ገበያ ውስጥ ይመላለሳል። በባዶ እግሩ ከገጠር የመጣ፣ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ሰው ብታዪ፣ አፍጥጠሽ አትመልከቺው፤ በዚህ በሽታ ምክንያት ከሠርግም ከማኅበርም የራቁ ሰዎች አሉና። በልብሽ ግን ጥያቄውን ሥሪ። ዝሆኔ ብለን የምንጠራው ሁሉ አንድ አይደለም። ፊላሪያሲስን ትንኝ ያስተላልፈዋል፣ አገሩም ቆላ ነው። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሰው የሚያዘው በብዛት ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው፣ ትንኝም ትልም የሌለበት። ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብሽሽት ላይ እምብዛም አይደርስም። ጫማና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ይህን አንዴ በሰው እግር ያየ ሐኪም ምርጫዎቹን ሲያነብ አይደናገርም።

በዚያው ገበያ እንቅርት ያለባት እናት ታልፋለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ራሱ ሁለት ጥያቄ ነው፤ የአንገት እብጠቱ ሲዋጥ አብሮ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም? ጆሮ ደግፍ የያዘው ወንድ ወጣት የቆለጥ ሕመም ቢጨምርበት ምን ትያለሽ? ወደ ዓባይ ቆላ ለአጨዳ ወርዶ የተመለሰ፣ ትኩሳት ይዞት የሚቃዥ ጎረምሳ ደግሞ ከባድ ወባ እንደሆነ እስኪጣራ ያስጨንቅሻል፤ ከተረጋገጠ በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት። አንድ የገበያ ቀን ከአምስት ገጽ ሃንድአውት ይበልጣል እላለሁ፤ ማታ እቤት ገብተሽ ከመጽሐፉ ጋር ካመሳከርሽው።

አንድ ደብተር ደግሞ ለስህተት ብቻ ይኑርሽ። መልሱን ቀድተሽ አትለፊ፤ ለምን እንደተሳሳትሽ ጻፊ። ለምሳሌ የመጀመሪያ እርግዝናዋ የሆነ የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ ደም ግፊቷ 170/115፣ ራሷን በጣም ያማታል፤ መንዘፍዘፍ እንዳይመጣባት የቱን ትሰጫታለሽ? ዳያዜፓም ብለሽ ከሆነ «መንዘፍዘፍ ሲባል ዳያዜፓም ብቻ ይታወሰኛል» ብለሽ መዝግቢ፤ መልሱ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ከሥሩ ሦስቱን ጨምሪ፤ ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት የጉልበት ሪፍሌክሷን፣ አተነፋፈሷን፣ ሽንቷን እዪ፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ስህተት ወደ አምስት እውቀት ይለወጣል። ከፈተናው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት የምታነቢው መጽሐፍ ይህ ደብተር ነው።

ስምንት ሳምንት ካለሽ አምስቱን ለአራቱ ትልልቅ ክፍሎች ስጪ፣ አንዱን ለማኅበረሰብ ጤናና ለአነስተኞቹ፣ ሁለቱን ሁሉንም ለቀላቀለ ጥያቄ። ጥያቄውን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪ፤ «መጀመሪያ ልጨርስ» የሚሉት ነገር አያልቅም። ሰዓትም ያዢ። አሜሪካ ያሉ የኛ ሐኪሞች እዚያ ፈቃድ ለማግኘት ከሚወስዷቸው ፈተናዎች የመጀመሪያው በአንድ ቀን እስከ 280 ጥያቄ አለው፤ ለአንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው። አንቺም በዚያ ፍጥነት 40 ጥያቄ ሳትነሺ ሠርተሽ ብትለማመጂ ሰውነትሽ ወንበሩን ይለምዳል።

አንዴ ወድቀሽ ከሆነ ይህን የምታነቢው፣ ከሁሉ በላይ ላንቺ ልናገር። አንድ ፈተና ስድስትና ሰባት ዓመት ያየሽውን በሽተኛ፣ በዱቲ ያደርሽውን ሌሊት፣ በእጅሽ የተቀበልሽውን ሕፃን አልሰረዘም። የጎደለው ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ከዚያ ጀምሪ። ለእናትሽም ንገሪያቸው። ብቻሽን ተሸክመሽው ከመጽሐፍ ጋር ስትቀመጪ ገጹ አይገለጥም፤ እሳቸው ካወቁ ግን ማለዳ እንግዳ ሲመጣ «ልጄ እያጠናች ነው» ብለው በር ላይ ይመልሱልሻል።

ዛሬ ማታ ካርቶኑን አትክፈቺው። ሻማም ቢሆን አብሪና አዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ትናንት ጎረቤቷ በር አንኳኩታ ያለችሽን በአንድ መስመር አስፍሪ፤ የልጇ ዕድሜ፣ ስንት ቀን ሆነው፣ ከየት ተመለሰ። ከሥሩ «ቀጥሎ ምን አደርጋለሁ?» ብለሽ መልሱን ከራስሽ አውጥተሽ ጻፊ።