የምርመራ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ቁጥር ለሕዝብ ሲገለጽ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር በትክክል የሚተረጎመው ስንት ሰው እንደተመረመረ አብሮ ሲታወቅ ነው።

ለምሳሌ በአንድ ሳምንት 1,000 ሰዎች ተመርምረው ቫይረሱ በ50ዎቹ ላይ ቢገኝ ምጣኔው 5 በመቶ ይሆናል። በቀጣዩ ሳምንት 200 ሰዎች ብቻ ተመርምረው በ40ዎቹ ላይ ቢገኝ ምጣኔው ወደ 20 በመቶ ያድጋል። የተያዙት ቁጥር ከ50 ወደ 40 ዝቅ ቢልም ስርጭቱ ቀንሷል ለማለት አያስችልም።

ጉዳዩ እንደ ማንኩሽ ባሉ ከተሞች የበለጠ ትኩረት ይሻል። የጉባ ወረዳ ቆላማ በመሆኑ ወባ ይገኝበታል፤ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መገኛ በመሆኑም ከልዩ ልዩ ክልሎች የሚመጡ ሠራተኞች ይመላለሱበታል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም የወባም የኮቪድ-19ም ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት ሁሉ ያለ ምርመራ «ወባ ነው» ከተባለ ኮቪድ-19 ሳይመዘገብ ይስፋፋል። አንድ ሰው በሁለቱም በሽታዎች በአንድ ጊዜ ሊያዝ ስለሚችል ወባ መገኘቱ ብቻ ኮቪድ-19 አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ስለዚህ ትኩሳት የተሰማው ሰው፦

• በቤት የተረፈ መድኃኒት ከመውሰድ ይቆጠብ፤
• አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤
• ምልክቱ የጀመረበትን ቀንና በቅርቡ የተጓዘበትን ቦታ ለባለሙያው በትክክል ይናገር።

ለተጨማሪ መረጃ በነፃ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይቻላል።