ከሽመና መኪና እስከ አውቶሞቢል፦ የቶዮታ ታሪክና የመወደዱ ምክንያት

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በቋንቋችን «መኪና» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። የስፌት መኪና እንላለን፤ የጽሕፈት መኪና እንላለን፤ በአራት ጎማ የሚሽከረከረውንም በዚያው ስም እንጠራዋለን። ይህ የስም አንድነት በቶዮታ ታሪክ ውስጥ በሥራም ተገልጦ ይገኛል። ዛሬ በከተማችን ጎዳና ላይ ሰው የሚያመላልሰውን ሚኒባስ የሠራው ኩባንያ አውቶሞቢል ከመሥራቱ አስቀድሞ ልብስ የሚሸመንበትን መኪና ይሠራ ከነበረ ቤት የወጣ ነውና።

የተወደዳችሁ መምህራን፣ ወላጆችና የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ቶዮታን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ዋጋውንና ሞዴሉን እንጂ አመጣጡን አይደለም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ታሪኩን በቅደም ተከተል ካስረዳሁ በኋላ ሰዎች የወደዱበትን ምክንያትና እኛ ከዚህ የምናገኘውን ትምህርት ለማመልከት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. የአናጢው ልጅና የሽመናው ዕቃ

ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ዓ.ም. በጃፓን አገር፣ ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው ክፍል፣ በአንዲት የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር። በዚያ አካባቢ ሽመና እንደ እኛ አገር የወንድ ሥራ ሳይሆን በየቤቱ ሴቶች የሚሠሩት ነበር። ሳኪቺ እናቱና የመንደሩ ሴቶች በእጅ ዕቃ ሲደክሙ እያየ አደገ፤ የአባቱንም የእንጨት ሥራ ተማረ። እነዚህን ሁለቱን አዋሕዶ የሽመናን ድካም የሚያቀል ዕቃ ለመሥራት ተነሣ። በ1891 ዓ.ም. ለመጀመሪያው የእንጨት የእጅ ሽመና ዕቃው የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሞተር ኃይል የሚሠራ የሽመና መኪና አወጣ።

ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ግን በ1924 ዓ.ም. የተፈጸመው «ጂ» የተባለው የሽመና መኪና ነው። የዚህ መኪና ጥበብ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ማጉ ባለቀ ጊዜ መኪናው ሳይቆም መወርወሪያውን ራሱ መለወጡ ነው። ሁለተኛው፣ ክር በተበጠሰ ጊዜ መኪናው ያለ ሰው ትእዛዝ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ይህ ሁለተኛው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እናስተውል፤ የማይቆም መኪና ክሩ ከተበጠሰ በኋላም መሥራቱን ስለሚቀጥል የሚያወጣው ጨርቅ ሁሉ የተበላሸ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን በእያንዳንዱ መኪና አጠገብ አንድ ጠባቂ ማቆም ያስፈልጋል። ጉድለቱን ዐውቆ የሚቆም መኪና ሲገኝ ግን አንድ ሠራተኛ ብዙ መኪናዎችን ሊጠብቅ ይችላል፤ ብላሽ ጨርቅም አይወጣም። «ስሕተት ሲታይ ሥራው ይቁም» የሚለው ይህ ሐሳብ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

የመኪናው ዝና ወደ ውጭ አገር ደረሰና በ1929 ዓ.ም. ፕላት ብራዘርስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የፈጠራውን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። እንግሊዝ የሽመና ፋብሪካ እናት እንደነበረች ሲታሰብ ይህ ውል ለጃፓን ምን ያህል ክብር እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ሳኪቺ በተከታዩ ዓመት በ1930 ዓ.ም. ዐረፈ።

፪. ልጁ ኪይቺሮ

የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ በቶኪዮ የኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የመካኒክነት ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን በጃፓን ጎዳና ላይ የሚሄዱት አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ የፎርድና የጄኔራል ሞተርስ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ኩባንያዎች በጃፓን አገር መገጣጠሚያ ከፍተው ነበር። ኪይቺሮ ግን የራሳችንን እንሥራ ብሎ ቈረጠ። በ1933 ዓ.ም. በአባቱ የሽመና መኪና ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተቋቋመ። በ1935 ዓ.ም. «ጂ ዋን» የተባለው የጭነት መኪና ወጣ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ «ኤ ኤ» የተባለችው የቤት መኪና ተከተለች።

የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪናዎች ደግ አልነበሩም፤ በየመንገዱ ይሰበሩ ነበር። ሠራተኞቹም መኪናው ወደቆመበት ቦታ እየሄዱ ይጠግኑ፣ የተሰበረውንም ዕቃ እየመዘገቡ ያሻሽሉ ነበር።

ስሙም የተለወጠው በዚሁ ጊዜ ነው። የቤተ ሰቡ ስም «ቶዮዳ» ነው። በ1936 ዓ.ም. ለንግድ ምልክት በተደረገው የሕዝብ ውድድር «ቶዮታ» የሚለው ተመረጠ፤ አነጋገሩ የጠራ ከመሆኑም በላይ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ብቻ ስላለው ነው። ስምንት በጃፓኖች ዘንድ የመልካም ዕድል ቍጥር ነው። ቶዮታ የሞተር ኩባንያ በ1937 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተመሠረተ።

እውነቱን ለመናገር ኩባንያው የቆመው በትጋት ብቻ አይደለም። የጃፓን መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የውጭ ኩባንያዎችን ሥራ አጥብቦ ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ከለላ ሰጥቶ ነበር። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን መደበቅ አይገባውም።

፫. የመከራው ዓመት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ፈርሳ ነበር። በ1949 ዓ.ም. መንግሥት የዋጋ ንረትን ለማቆም ገንዘብ በማጥበቁ አውቶሞቢል የሚገዛ ጠፋ፤ ቶዮታም በዕዳ ተያዘ። በ1950 ዓ.ም. ኩባንያው ብዙ ሠራተኞችን ለማሰናበት ሲነሣ ሠራተኞቹ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ሲሰናበቱ ኪይቺሮም ኀላፊነቱን ተቀብሎ ከሥልጣኑ ወረደ። ሌላውን አሰናብቶ እሱ በወንበሩ አልቀረም። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ተነሣና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪናዎችን ከቶዮታ በብዛት አዘዘ፤ ኩባንያው ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ኪይቺሮ ግን ፍሬውን ሳያይ በ1952 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ ሞተ።

፬. የፋብሪካው ዘዴ

ኤይጂ ቶዮዳ የተባለው የኪይቺሮ የአጎት ልጅ በ1950 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ የፎርድን ታላቅ ፋብሪካ ጐበኘ። ቶዮታ ያን የሚያህል ገንዘብም ቦታም አልነበረውም። ስለዚህ ከሽመናው ፋብሪካ የመጣው ታይቺ ኦኖ ለድኻ ፋብሪካ የሚስማማ ዘዴ ቀየሰ። ዘዴው በሁለት ምሰሶ የቆመ ነው።

አንደኛው፦ የሚያስፈልገው ዕቃ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይሠራ የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ አስቀድሞ ያፈለቀው ኪይቺሮ ነበር። ኦኖ ከአሜሪካ የገበያ መደብሮች ምሳሌ ወሰደ። በመደብር ውስጥ ደንበኛው ከመደርደሪያ የወሰደው ያህል ብቻ ይተካል። በፋብሪካውም እንዲሁ «ካንባን» በሚባል ካርድ አማካይነት የኋለኛው ክፍል የወሰደውን ያህል ብቻ የፊተኛው ክፍል ይሠራል። ከዚህም የተነሣ በመጋዘን ተከማችቶ ገንዘብ የሚያስር ዕቃ ይቀንሳል።

ሁለተኛው፦ የሳኪቺ የሽመና መኪና ሐሳብ ነው። በመገጣጠሚያው መሥመር ላይ ለሠራተኞች የሚሳብ ገመድ ተዘረጋላቸው። አንድ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ መብራት ይበራል፤ አለቃው ይመጣል፤ ነገሩ ወዲያው ካልተቃና መሥመሩ ይቆማል። ገመዱን የሳበ ሰው አይቀጣም። ከዚያም «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ያህል ደጋግመው እየጠየቁ ወደ ነገሩ ሥር ይወርዳሉ።

ይህ ለጃፓኖች ብቻ የተሰጠ ተፈጥሮ ነው የሚል ቢኖር መልሱ በካሊፎርኒያ ይገኛል። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ዓ.ም. የዘጋውን የፍሪሞንት ፋብሪካ በ1984 ዓ.ም. ከቶዮታ ጋር በሽርክና ከፈተው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ቀድሞ በሥራ ጥራት ጉድለት ይወቀሱ የነበሩት እነዚያው ነበሩ። በአዲሱ አሠራር ግን ያወጧቸው አውቶሞቢሎች በጥራት የተመሰገኑ ሆኑ። ሰዎቹ ያው፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነበር።

፭. ስሙ የናኘባቸው መኪናዎች

ቶዮታ በ1957 ዓ.ም. ክራውን የተባለችውን መኪና ወደ አሜሪካ ላከ። በዚያ ረጅምና ፈጣን ጎዳና ላይ ኃይሏ አነሰ፤ ሞተሯም ጋለ። በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሸጡት የቶዮታ መኪናዎች 288 ብቻ ነበሩ፤ ከነዚህም አንዱ ላንድ ክሩዘር ነበር። ኩባንያው የቤት መኪና መላኩን ለጊዜው አቁሞ ጉድለቱን አጠና፤ በ1965 ዓ.ም. ኮሮናን ይዞ ተመለሰ። በ1966 ዓ.ም. የወጣችው ኮሮላ ግን ሁሉን በለጠች። በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ሲንር በዓለም ዙሪያ ቤንዚን የምትቈጥብ ትንሽ መኪና ተፈለገች። በ2021 ዓ.ም. የተሸጡት ኮሮላዎች ቍጥር ከ50 ሚሊዮን ዐለፈ።

ላንድ ክሩዘር የተወለደው በ1951 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በሙከራ ጊዜ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ጕድ አሰኝቷል፤ ዛሬ የምናውቀውን ስሙን ያገኘው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሃይኤስ በ1967፣ ሃይሉክስ በ1968 ተከተሉ። በ1997 ዓ.ም. ፕሪየስ ወጣች፤ ቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምራ፣ ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ወደ ባትሪ የምትመልስ ናት።

፮. ስለ ምን ተወደደ?

ፋሲል ወይም ላሊበላ የዘመን ፈተናን ያለፉት በጌጣቸው ብቻ ሳይሆን በመሠረታቸው ጽናት እንደሆነ ሁሉ፣ ቶዮታም በመልኩ ውበት የተወደደ አይመስለኝም። የመወደዱን ምክንያት በሦስት እከፍለዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ጽናቱ ነው። ኩባንያው አዲስ ነገርን ቸኩሎ አይጨምርም፤ ተፈትኖ የታወቀውን ይመርጣል። በ1984 ዓ.ም. የወጣው ባለ 70 ላንድ ክሩዘር አካሉ ከሻንሲ በላይ የቆመ፣ ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ የተሠራ በመሆኑ ብዙ ዓመት በሥራ ላይ ቈይቷል። የርዳታ ድርጅቶችም የመረጡት ስለዚህ ነው። ይኸው ጽናት ለክፉም ውሏል፤ በ1987 ዓ.ም. በቻድና በሊቢያ መካከል የተደረገው ውጊያ የቻድ ወታደሮች በተቀመጡባቸው መኪናዎች ስም «የቶዮታ ጦርነት» ተብሏል።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫ መገኘቱ ነው። በአገራችን ማንኛውም ጋራዥ ኮሮላን ፈትቶ ይገጥማል። መኪናው ብዙ ስለሆነ መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ መለዋወጫው ስላለም ሰው መኪናውን ይገዛል። ሕዝባችን ዶልፊን፣ አባዱላ እያለ የቤት ስም ያወጣላቸው እንደ ዘመድ ስለለመዳቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋው አለመውደቁ ነው። በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ አሮጌ ኮሮላ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ጭምር ነው። የልጅን ትምህርት ቤት ወይም የሕመምተኛን መድኃኒት የከፈለ ቶዮታ ጥቂት አይደለም።

፯. የስም ፈተና

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቶዮታ በ2008 ዓ.ም. በሽያጭ ብዛት ጄኔራል ሞተርስን በልጦ የዓለም አንደኛ ሆነ። ወዲያው በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. መኪናዎቹ ያለ ነጂው ፈቃድ ይፈጥናሉ የሚል ክስ ተነሣና በሚሊዮን የሚቈጠሩ መኪናዎች ለእርማት ተጠሩ። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዕድገታችን ሰውን ከማሠልጠን ፍጥነታችን በልጦ ነበር በማለትም አመነ። በ2014 ዓ.ም. ኩባንያው ጉድለቱን ለሕዝብ በትክክል ባለማስታወቁ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሌላውን ገመድ ሳብ ብሎ ያስተማረ ቤት የራሱን ገመድ ሳይስብ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ለእኛም ዘመኑ እየተለወጠ ነው። መንግሥታችን በ2024 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቱን አዙሯል። ገንዘቡን በአሮጌ መኪና ላይ ያኖረ ቤተ ሰብ የዚህ ነገር ፍጻሜ ቢያሳስበው አይፈረድበትም።

፰. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንውሰድ እላለሁ።

አንደኛ፣ የእጅ ሥራን አንናቅ። በአገራችን ሸማኔውና ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ያዘዙት ክፋቱ ስለበዛ ነው። ጃፓን ውስጥ ግን የአናጢ ልጅ የእናቱን የሽመና ዕቃ አልናቀም፤ መረመረው፤ ከምርመራውም ዓለምን የሚዞር መኪና ተወለደ። በድርና በማግ መካከል የተቀመጠ ብልኀተኛ በእኛም አገር ሞልቷል። የሚያስፈልገው የሚያከብረውና የሚያስተምረው ነው።

ሁለተኛ፣ ጉድለትን ማሳየት ነውር አይሁን። የአምስቱን «ለምን» ነገር በክፍላችን እንሞክረው። አንድ ተማሪ በሒሳብ ፈተና ወደቀ። ለምን? ጥያቄዎቹን አልጨረሰም። ለምን? ክፍልፋይ ሲያባዛ ይዘገያል። ለምን? ክፍልፋይ በታች ክፍል ሳይገባው ዐልፏል። ለምን? አልገባኝም ብሎ አልጠየቀም። ለምን? የጠየቀ ሰው ይሳቅበታል። እነሆ፣ የፈተናው ውድቀት ሥር የተማሪው ስንፍና ሳይሆን የእኛ ሣቅ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው «ለምን» ላይ ብናቆም ኖሮ ልጁን «ሰነፍ» ብለን በለፍን ነበር።

በክፍል ውስጥ እጁን የሚያነሣ ተማሪ ክር ሲበጠስ የሚቆመው መኪና ነው፤ ገመዱን የሚስበው ሠራተኛ ነው። ትምህርቱን ለጥቂት ደቂቃ ያቆማል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት የሚተርፍ ብላሽ እንዳይሸመን ይከለክላል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ያልገባን እንደሆነ እንጠይቅ፤ በሚጠይቅም ሰው አንሣቅ። መምህራንና ወላጆችም የጠየቀውን ልጅ እንዲያደፋፍሩልን በትሕትና እናሳስባለን። የቶዮታን መኪና ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ያሻል፤ የቶዮታን አሠራር ለመያዝ ግን ከዛሬ ትምህርት መጀመር ይቻላል።