ዱካክ ምንድን ነው?

ሌሊት ዓይናችን ተገልጦ ክፍሉን እያየን ጣታችንን እንኳ ማንቀሳቀስ ሲያቅተን፣ ደረታችንም ከባድ ነገር የተጫነው ሲመስለን «ዱካክ ተጫነኝ» እንላለን። ብዙዎች የመንፈስ ጥቃት አድርገው ይቆጥሩታል። በሕክምናው ዓለም ግን የእንቅልፍ ሽባነት የሚባል፣ መንስኤው የሚታወቅ የእንቅልፍ መዛባት ነው።

እንቅልፋችን በየ90 ደቂቃው ገደማ በሚደጋገም ዑደት ይጓዛል። በየዑደቱ መጨረሻ ዓይን በቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ደረጃ አለ። ዩጂን አሰሪንስኪና ናታንኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ ጉልህ ሕልሞች በአብዛኛው የሚታዩበት ስለሆነ «የሕልም እንቅልፍ» እንበለው። በዚህ ጊዜ ሕልማችንን በተግባር እንዳንፈጽም የአንጎል ግንድ ግላይሲንና ጋባ በተባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ጡንቻዎቻችንን ያስራል። ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎችና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ዲያፍራም ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አእምሮ ይህ እስር ሳይፈታ ቀድሞ ሲነቃ ዱካክ ይከሰታል። የሚታየው ጥላ ወደ ንቃት የተሻገረ ሕልም ነው። የደረት ጡንቻዎች ስለታሰሩ በጥልቀት ለመተንፈስ ስንሞክር የታፈንን ይመስለናል፤ ትንፋሻችን ግን አይቋረጥም።

ቀደምት ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ዱካክ ቢያንስ አንድ ጊዜ የገጠማቸው ከጠቅላላው ሕዝብ 8 በመቶ፣ ከተማሪዎች ግን 28 በመቶ ያህሉ ናቸው። እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ የመኝታ ሰዓት፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ጫት የሚያዘወትሩ ሰዎችም ሲያቋርጡ በዱካክ እንደሚቸገሩ ይናገራሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አምፌታሚን የሕልም እንቅልፍን ይቀንሳል፣ ሲቋረጥ ግን የሕልም እንቅልፉ በርትቶ ይመለሳል። የጫቱም ነገር በዚሁ መንገድ ሊገለጽ ይችላል።

መፍትሔውስ? አልፎ አልፎ የሚመጣ ዱካክ መድኃኒት አያሻውም። በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ የመኝታና የመነሻ ሰዓትን አለማዛባት፣ በጎን መተኛትና ለፈተና ብሎ ሌሊቱን በንቃት አለማንጋት ይረዳሉ። በያዘን ጊዜም ከመፍራት ይልቅ አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ መሞከር መልካም ነው፤ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ዱካኩ ከተደጋገመ፣ ቀን ቀን ሊቋቋሙት የማይቻል እንቅልፍ ከጣለ፣ ወይም ሲስቁ ጉልበት የሚከዳ ከሆነ ግን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ናርኮሌፕሲ የተባለው በሽታ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለዚህም ሕክምና አለ። ሕመምተኛውን «ሰነፍ» ወይም «መንፈስ ያደረበት» ማለት ይህን ሕክምና ከማዘግየት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።