ዕቃውን ከመግዛትህ በፊት

ልጄ፣ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታብህ፣ አንድ ጋራዥም «ኤር ፍሎው ሴንሰሩ ሞቷል፣ 450 ዶላር አምጣ» እንዳለህ ሰማሁ። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መንገዶች ታክሲ ስነዳ 22 ዓመት ሞላኝ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ እጄ በግራሶ ነው ያደገው። 450 ዶላር ላንተ የስንት ሌሊት ሥራ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ከመክፈልህ በፊት ይህን አንብብልኝ።

1. ዕቃው ምን እንደሚሠራ እወቅ። ሞተር 1 ግራም ቤንዚን በደንብ ለማቃጠል 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ያንን አየር የሚመዝነው ከፊልትሮው ቤት ቀጥሎ ቱቦው አፍ ላይ የተተከለው ሴንሰር ነው። ውስጡ ከፀጉር የቀጠነ የፕላቲነም ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ያግለዋል፣ የሚያልፈው አየር ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። ሽቦውን በግለቱ ለማቆየት ስንት ኤሌክትሪክ እንደፈጀ አይቶ ኮምፒውተሩ የአየሩን ክብደት ያሰላል፤ ኢንጀክተሮቹም በዚያው ልክ ነዳጅ ይረጫሉ። አንዳንድ መኪና ግን ጭራሽ ይህ ሴንሰር የለውም፤ በእሱ ፋንታ የግፊት መለኪያ ነው ያለው፤ ሳታረጋግጥ ገንዘብ አትክፈል።

እኔ ሥራ ስጀምር ይህ ሁሉ የለም፤ ካርቡራቶር ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ለእሷ ያስተካከልነው መኪና አሰብ ሲወርድ ነዳጅ ያጥረውና ሞተሩ ይግል ስለነበር፣ ከጉዞ በፊት እንደገና መነካካት ግድ ነበር። ዛሬ ያቺ ቀጭን ሽቦ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ራሷ ትለካለች። ለዚህ ነው የማከብራት፤ ያለ ጥፋቷ ስትነቀልም የምናደደው።

2. መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው ኮድ አቤቱታ ነውና ምስክር ስማ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ የቤት መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኮድ የሚነበብበት ሶኬት አለው። ማንበቢያው 30 ዶላር ገደማ ነው፤ ትልልቆቹ የመለዋወጫ መደብሮችም በነፃ ያነቡልሃል። ፒ0101፣ ፒ0102 ወይም ፒ0103 ካየህ ነገሩ ሴንሰሩን ወይም የሽቦውን መስመር ይመለከታል። ፒ0171 ግን «አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል» ከማለት ውጭ ጥፋተኛውን አይጠቁምም። ጋራዡ ኮዱ ስንት እንደነበር ካልነገረህ ጠይቀው፤ መብትህ ነው።

3. ከቱቦው ጀምር። ይህን ትምህርት በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ካምሪዬ ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ፣ ቤንዚን ስረግጥ መስነፍ ጀመረች። የወሰድኩበት ጋራዥ ሴንሰሩን ቀይሮ 480 ዶላር ተቀበለኝ። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ያን ቅዳሜ ሥራ ሳልወጣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጄ ብለጥጠው እጥፋቱ መሃል፣ ከሥር በኩል፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ከሴንሰሩ በኋላ የገባ አየር አይመዘንም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ነዳጅ ያንሳል። አዲሱ ቱቦ 40 ዶላር ነበር። የመጀመሪያውን ገንዘቤን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ዓይንህ ስንጥቁን ካላገኘው ማንበቢያው ያግዝሃል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳይሃል። ሚኒሞ ላይ ጭማሪው ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ፣ ሞተሩን ወደ 2,500 ዙር ስታስነሳው ከወረደ፣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቱቦዎቹንና ፋሸታዎቹን አጥብቀህ ፈትሽ። በተቃራኒው ፍጥነት ሲጨምር ጭማሪውም የሚያድግ ከሆነ፣ ሴንሰሩ አየሩን አሳንሶ እየመዘነ ወይም የነዳጁ ፓምፕ እየደከመ ይሆናል። የአየሩን ክብደትም እይ፦ 2.5 ሊትር ሞተር ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲቆም በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ግራም ቢያሳይ ጤና ነው። ከዚያ በእጅጉ ከራቀ መጠርጠር ትችላለህ።

4. ሳትቀይር እጠበው። ብዙ ጊዜ ሽቦዋ አልሞተችም፤ አቧራ ለብሳለች። ዘይት የሚቀባ የአየር ፊልትሮ ያስገባ ሰው ደግሞ ዘይቱ ሽቦዋ ላይ ሊጋገርበት ይችላል። ለዚሁ ሴንሰር ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ማጠቢያ ከ10 እስከ 15 ዶላር ይሸጣል። የፍሬን ወይም የካርቡራቶር ማጠቢያ እንዳትጠቀም፤ ፕላስቲኩን ይጎዳል። ሞተሩን አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተህ አውጣው፣ ከ10 ጊዜ በላይ እርጨው። በጣትህም በጨርቅም አትንካው፣ በኮምፕሬሰርም አትንፋው። በራሱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መልሰው።

5. ስለ ዋጋው። ታጥቦም ካልዳነ ያን ጊዜ ግዛ። ለቶዮታ ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩን የሚሠራው ዴንሶ ነው፤ የእሱን ከታመነ ሻጭ ከ100 ዶላር ብዙ ሳይርቅ ታገኘዋለህ። የጀርመን መኪኖች ሴንሰር 200 እና 300 ዶላር ይደርሳል። በይነመረብ ላይ በ25 ዶላር የሚሸጠውን እለፈው። ዕቃው ለመኪናህ ልክ ቢገባም የሚሰጠው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሚሆን ከበፊቱ የባሰ ግራ ያጋባሃል። የዴንሶ ካርቶን አስመስለው የሚያትሙም ስላሉ ዋጋው እጅግ ከወረደ ሽሽ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የገዛ ሰው ይህን ያውቃል፦ ከአደጋ መኪና የወጣ ኦርጅናል አሮጌ ዕቃ ከሐሰተኛ አዲስ ይሻላል። እዚህም የወዳደቁ መኪኖች ግቢ ሄደህ በራስህ እጅ ብትነቅል ነውር የለውም።

የእጅ ዋጋውን በተመለከተ፣ ሥራው 15 ደቂቃ ነው። ብዙ ጋራዥ ግን የሙሉ ሰዓት ያስከፍላል፣ የምርመራውንም ለብቻው ይጨምራል። በዚህ መንገድ ነው የ100 ዶላሩ ዕቃ 400 የሚያልፈው። ምርመራ ማስከፈላቸው ተገቢ ነው፤ እውቀት ዋጋ አለው። ሳይመረምሩ ሲያስከፍሉ ግን እምቢ በል።

6. ስትገጥም አትቸኩል። አዲሱ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አይተህ፣ የሴንሰሩ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ቦታው ላይ በትክክል መቀመጡን አረጋግጥ። የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለው ወደ ሞተሩ ይዙር። ብሎኑን በኃይል አታጥብቅ፤ የሚይዘው ፕላስቲክ ነው። አሮጌውን ሳምንት ሁለት ሳምንት አቆየው። ሳታረጋግጥ ገንዘብ አትክፈል።

7. የጭስ ምርመራህ ከደረሰ ቀደም ብለህ አስብ። ሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ መብራቱ በርቶ ከሄድክ አታልፍም። ዋዜማውን ኮዱን አጥፍቶ መሄድም አይጠቅምም፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ስላልጨረሰ ይመልሱሃል። ከጥገናው በኋላ ጥቂት ቀን ከተማም አውራ ጎዳናም ንዳው።

ነገ ጠዋት ሥራ ሳትወጣ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ኮፈኑን ክፈትና ያንን የጎማ ቱቦ በሁለት እጅህ ለጥጠህ እጥፋቱን እየው። ከዚያ ደውልልኝ፤ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነው የምጠብቅህ።